ገመዱ ሲነቀል ስንት ሰከንድ ጠፋ? ስለ ኢተርኔት ሪንግ ጥበቃ የቀረበ ጥያቄና ምላሽ

ጥያቄው፦ «በምንሠራበት ፋብሪካ ግቢ 6 ስዊቾች አሉ። በፋይበር አያይዘን ክብ ሠርተናል። ዋናው ሥራ የካሜራ ነው፤ መቅጃው 1ኛው ስዊች ላይ ተሰክቷል። በ4ኛውና በ5ኛው ስዊች መካከል የፋይበር ሞጁል ስላጠረን በሁለቱም ጫፍ ሚዲያ ኮንቨርተር (ፋይበሩን ወደ መዳብ ገመድ የሚቀይር ዕቃ) አስገብተናል። ኢአርፒኤስ የሚባለውን የሪንግ ጥበቃ ፕሮቶኮል ኮንፊገር አድርገናል። መመሪያው መስመር ቢበጠስ በ50 ሚሊ ሰከንድ ይመለሳል ይላል። እኛ ግን አንድ ገመድ ስንነቅል ካሜራዎቹ 30 ሰከንድ ያህል ይጠፋሉ። በ4 እና በ5 መካከል ያለውን ፋይበር ስንነቅል ደግሞ መልሰን እስክንሰካው ጭራሽ አይመለሱም። ሌላ ቦታ የነቀልነውን ከሰካን በኋላም ሪንጉ ወደ ቦታው እስኪገባ 5 ደቂቃ ይፈጃል። የት ነው የተሳሳትነው? እንደ አዲስ ብንሠራውስ ከየት እንጀምር?»

ምላሽ፦

ሰከንዱን ቆጥራችሁ ስለጠየቃችሁ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው «ሪንጉ አልሠራም» ይላል፣ በቃ። ሐኪም ዘንድ ቀርቦ «አሞኛል» ብሎ ዝም እንደማለት ነው። እናንተ ግን ሦስት ነገር ነግራችሁኛል፦ 30 ሰከንድ፣ ጭራሽ አለመመለስ፣ 5 ደቂቃ። ሦስቱም የሚናገሩት የተለያየ ነገር ነው። የመጀመሪያው የኮንፊገሬሽን ስህተት ነው። ሁለተኛው ከዕቃው የመጣ ነው። ሦስተኛው ችግር አይደለም፤ እንዲያውም ባይኖር ነበር የሚያሳስበኝ።

ወደ ቁጥሮቹ ከመግባቴ በፊት ክብ ኔትወርክ ለምን ጠባቂ እንደሚያስፈልገው በአጭሩ ልበል። የአይፒ ፓኬት ዕድሜው ይቆጠራል። ራውተር ባለፈ ቁጥር አንድ ይቀነስበታል፤ ዜሮ ሲደርስ ይጣላል። የኢተርኔት ፍሬም እንዲህ ያለ ቆጣሪ የለውም። ክብ መንገድ ካገኘ መዞሩን አያቆምም። ብሮድካስት (ለሁሉም የሚላክ) ከሆነ ደግሞ በዞረ ቁጥር ቅጂውን በየፖርቱ ይረጫል። ወዲያው መስመሩ ይሞላል፣ የስዊቹ ሲፒዩ ይታነቃል፣ አንዱ ማክ አድራሻ (የዕቃው የኔትወርክ መለያ) አንዴ በዚህ ፖርት አንዴ በዚያ ፖርት ብቅ ይላል። ስለዚህ ክቡ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ መዘጋት አለበት። የሚዘጋው ማን ነው? ሌላ ቦታ ሲበጠስስ ማን ፈጥኖ ይከፍተዋል? ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።

የድሮው መልስ ስፓኒንግ ትሪ ነው። ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 የፈጠረችው ነው። ኔትወርኩ ምንም ዓይነት ቅርጽ ይኑረው፣ ሉፑን፣ ማለትም ክብ መንገዱን፣ ፈልጎ ይቆርጣል። ግን ጥንቁቅ ነው፤ በጣም ጥንቁቅ። የተዘጋ ፖርት ከመክፈቱ በፊት 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ ሌላ 15 ሰከንድ አድራሻ ይማራል። ድምሩ 30። ቁጥሯን አወቃችኋት? በኋላ የመጣው ራፒድ ስፓኒንግ ትሪ ከዚህ እጅግ ይፈጥናል፤ ያም ሆኖ በክብ ላይ ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደሚፈጅበት አስቀድሞ ቃል መግባት ያስቸግራል።

ኢአርፒኤስ የተሠራው ለክብ ነው። አይቲዩ፣ ማለትም የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት፣ ጂ.8032 በሚል ቁጥር በ2008 አወጣው። የ2010ሩ ሁለተኛ ዕትም እርስ በርስ የተያያዙ ሪንጎችንና ሌሎች ነገሮችን ጨመረ። አሠራሩ ቀላል ነው። ከመስመሮቹ አንዱ አርፒኤል ተብሎ ይመረጣል፤ በሰላሙ ጊዜ ዝግ የሚሆነው እሱ ነው። በአንዱ ጫፍ ያለው ስዊች ኦነር ይባላል፤ የመዝጋትና የመክፈት ሥልጣን የሱ ነው። በሌላው ጫፍ ያለው ኔበር ነው። ኦነሩ በየ5 ሰከንዱ «ሰላም ነው፣ አርፒኤሉ ዝግ ነው» እያለ መልእክት ይልካል።

አንድ ቦታ ሲበጠስ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ስዊቾች የሞተውን ፖርት ይዘጋሉ። የማክ ሠንጠረዣቸውን (የትኛው ዕቃ በየትኛው ፖርት እንዳለ የሚይዙበትን) ያጸዳሉ። «ተበጥሷል» የሚለውን መልእክት በ3.3 ሚሊ ሰከንድ ልዩነት ሦስት ጊዜ ያከታትሉታል፤ ከዚያ በየ5 ሰከንዱ ይደግሙታል። ኦነሩ ሲሰማ አርፒኤሉን ይከፍታል። መልእክቱ የደረሳቸው ሁሉ ሠንጠረዣቸውን አጽድተው አዲሱን መንገድ ይማራሉ። አለቀ።

50 ሚሊ ሰከንድ የምትለዋ ቁጥር ግን ቅድመ ሁኔታ አላት። በክቡ ላይ ከ16 ያነሱ ስዊቾች፣ ከ1200 ኪሎ ሜትር ያነሰ ዙሪያ፣ ያልተጨናነቀ መስመር። ብርሃን በፋይበር ውስጥ 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 5 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። 1200 ኪሎ ሜትር እንኳ 6 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። የእናንተ ግቢ ቢበዛ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። መልእክቱ መንገድ ላይ አይዘገይም። የሚዘገየው ከመላኩ በፊት ነው፤ ስዊቹ መስመሩ መበጠሱን እስኪያውቅ ድረስ። ይቺን ያዙልኝ።

እንግዲህ ወደ 30ው ሰከንድ። እንዲህ ያለች ክብ ቁጥር ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው ስፓኒንግ ትሪን ነው። በሪንጉ ፖርቶች ላይ አልጠፋም ማለት ነው። አንዳንዱ ስዊች ሁለቱን በአንድ ፖርት ላይ አብሮ አይቀበልም፤ «መጀመሪያ ያንን አጥፋ» ብሎ ይመልሳችኋል። አንዳንዱ ግን ዝም ብሎ ይቀበላል። ያኔ ፖርቱ ሁለት በር ጠባቂ አለው። ኢአርፒኤስ በሚሊ ሰከንድ ውስጥ በሩን ከፍቶ «እለፉ» ይላል፤ ስፓኒንግ ትሪ ደግሞ «ቆይ፣ ላዳምጥ» ይላል። እናንተ የምታዩት የዘገየውን ነው።

6ቱንም ስዊቾች አንድ በአንድ ግቡባቸው። አምስቱ ተስተካክለው አንዱ ከተረሳ በቂ ጥፋት ነው። ስፓኒንግ ትሪን የምታጠፉት በሁለቱ የሪንግ ፖርቶች ላይ ብቻ ነው። ከስዊቹ ጠቅላላ እንዳታጠፉት፤ አደራ። ካሜራና ኮምፒውተር በሚሰካባቸው ፖርቶች ላይ ይኑር። አንድ ቀን አንድ ሰው ትርፍ ገመድ አግኝቶ ሁለቱን ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ይሰካዋል። ኢአርፒኤስ ይህን አያይም፤ እሱ የሚጠብቀው ሁለቱን የሪንግ ፖርቶች ብቻ ነው። ስዊቹ ቢፒዲዩ ጋርድ (የስፓኒንግ ትሪ መልእክት ከገባበት ፖርቱን የሚዘጋ) ካለው በነዚያ ፖርቶች ላይ አብሩት።

እግረ መንገዳችሁን የሪንጉን ሁኔታ በየስዊቹ ተመልከቱ። ሰላም ሲሆን «አይድል» ይላል፣ ሲበጠስ «ፕሮቴክሽን»። ገመድ ነቅላችሁ ኦነሩ አሁንም አይድል ካለ ኢአርፒኤሳችሁ ለስሙ ነው የተቀመጠው፤ ሥራውን እየሠራ ያለው ስፓኒንግ ትሪ ብቻውን ነው። ሪንጉን አሟልቶ አዘጋጅቶ በመጨረሻ «ኢኔብል» ማለት መርሳት የተለመደ ነው። እኔም ረስቻለሁ።

አሁን ወደ 4 እና 5። ለዚህ መስመር ኮንፊገሬሽኑን አትውቀሱት። ሚዲያ ኮንቨርተር በአንድ ወገኑ ፋይበር፣ በሌላው መዳብ ነው። ፋይበሩ ሲነቀል የሚያውቀው ኮንቨርተሩ ነው። ከኮንቨርተሩ ወደ ስዊቹ ያለችው አጭር የመዳብ ገመድ ግን ምንም አልሆነችም። 4ኛው ስዊች ሲያይ ፖርቱ አረንጓዴ ነው። 5ኛውም ሲያይ አረንጓዴ ነው። ማንም አልተበጠሰበትም፤ ስለዚህ ማንም «ተበጥሷል» አይልም። ኦነሩ ምን ሰምቶ ይክፈት? ካሜራዎቹ ምስላቸውን ወደ ጨለማ ሲልኩ ይኖራሉ። ከሁለቱ ኮንቨርተሮች አንዱ እንኳ ባይኖር ኖሮ ፋይበሩን በቀጥታ የያዘው ስዊች ብርሃኑ ሲጠፋ አይቶ ይናገር ነበር። አንዱ ከተናገረ ይበቃል።

መፍትሔው ሦስት ነው፤ እንደ ምርጫዬ ቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ከሁሉ የሚሻለው ሞጁሎቹን መግዛትና ኮንቨርተሮቹን ማንሳት ነው። የሁለት ሞጁል ዋጋ አንድ ቀን ካሜራ ከማጣት ይረክሳል። ያ እስኪሆን ኮንቨርተሮቹን አገላብጣችሁ እዩ። ብዙዎቹ ጎናቸው ላይ ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች አሏቸው፤ አንዷ «ሊንክ ፎልት ፓስ ስሩ» ትባላለች። እሷ ከበራች ፋይበሩ ሲሞት ኮንቨርተሩ የመዳቡን ወገን ራሱ ይገድለዋል፤ ስዊቹም ያውቃል። በሁለቱም ጫፍ አብሯት።

ሦስተኛው መንገድ ሲሲኤም ነው። ሁለቱ ስዊቾች በየተወሰነ ጊዜ «አለሁ» እየተባባሉ ይላላካሉ። መልእክቱ የአንድን ዙር ሦስት ተኩል እጥፍ ያህል ጊዜ ከቀረ መስመሩ እንደሞተ ይቆጠራል። በየ3.3 ሚሊ ሰከንዱ ከሆነ 12 ሚሊ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ያውቃሉ። በየ10 ከሆነ 35 ነው። በየ1 ሰከንዱ ከሆነ ግን ሦስት ሰከንድ ተኩል ነው፤ ይህን ሳያስቡ ትተውት «ሪንጉ ቀርፋፋ ነው» የሚሉ አሉ። 3.3ቷን ለማስኬድ ስዊቹ በሃርድዌር የሚደግፋት መሆን አለበት። ርካሽ ስዊች በሶፍትዌር ሊሠራት ከሞከረ ሲፒዩው ሲጨናነቅ መልእክት ይጥላል፣ ያልተበጠሰውን ተበጠሰ ይላል። ከመስመሮቹ አንዱ በጣሪያ ላይ ባለ ሬዲዮ የሚያልፍ ሪንግ ያላችሁም ከሆነ ሲሲኤም ግድ ነው። ሬዲዮው አየር ላይ ቢቋረጥም የኢተርኔት ፖርቱ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል።

ስለ መዳብ አንድ ነገር ልጨምር። በጊጋቢት መዳብ ላይ መስመር ሲጠፋ ፖርቱ «ወድቄያለሁ» እስኪል የኢተርኔት ደንቡ እስከ 750 ሚሊ ሰከንድ ይፈቅድለታል። ይህ የሪንጉ ጥፋት አይደለም። ከፋይበር ሞጁል ጋር ስታነጻጽሩት ግን ብዙ ነው፤ ፋይበር ብርሃኑ ሲጠፋ ወዲያው ያውቃል። ስለዚህ በአንድ ክብ ላይ አምስት ፋይበርና አንድ መዳብ ካለ፣ በአምስቱ ላይ የማይሰማችሁ መቋረጥ በስድስተኛው ላይ አንድ ሰከንድ ሊጠጋ ይችላል። ሪንጉን በመዳብ ሞጁል የሚሠሩም አሉ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ሦስተኛዋ ቁጥር 5 ደቂቃ ነች። ይቺ «ዌይት ቱ ሪስቶር» የምትባል ታይመር ናት። ከ1 እስከ 12 ደቂቃ ትሞላለች፤ ካልነካችኋት 5 ናት። ገመዱ ሲመለስ ኦነሩ ወዲያው አይዘጋም። «ይቆይ፣ ይረጋ እንደሆነ ልየው» ብሎ ይጠብቃል። ያን ሁሉ ጊዜ ካሜራዎቹ በሌላኛው አቅጣጫ እየሠሩ ነው፤ ምንም የጠፋ ነገር የለም። ሁኔታውን ስታዩ «ፔንዲንግ» ይላል። ይህ ባይኖርስ? ላላ ያለ ማገናኛ አስቡ። ወይም መብራት ሄደት መጣ የሚልበትን ሰዓት። መስመሩ በደቂቃ አሥር ጊዜ ሲሞትና ሲነሳ ሪንጉም አብሮ አሥር ጊዜ ይገለባበጥ ነበር። እኔ ብሆን 5ቷን አልነካትም። ለሙከራ ቀን ብቻ ወደ 1 አውርዷት፣ ስትጨርሱ መልሷት።

አንድ የማይነገር ነገር አለ። 5ቷ ደቂቃ ስታልቅ ሪንጉ ወደ ቦታው ሲመለስ ትራፊኩ እንደገና ይዞራል። ማንም ገመድ ሳይነካ ትንሽ ብልጭታ ታያላችሁ። «ደግሞ ምን ሆነ» ብላችሁ እንዳትሮጡ። ያንን ብልጭታ የማይፈልግ ሰው «ነን ሪቨርቲቭ» የሚባለውን ይመርጣል። ያኔ ሪንጉ ሰው እስኪያዘው በአዲሱ ቦታ ዝግ ሆኖ ይቀመጣል። ለካሜራ ግን መመለሱን እመርጣለሁ። ሌሊት ተጠርቼ ስመጣ ዝጉ የት እንዳለ ማሰብ አልፈልግም።

ሌሎቹን ሁለት ታይመሮች ቶሎ ልለፋቸው። ጋርድ ታይመር መስመር ከተጠገነ በኋላ በክቡ ውስጥ የቀረ አሮጌ መልእክት እንዳያሳስት የሚጠብቅ ነው፤ 500 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ ተዉት። ሆልድ ኦፍ ደግሞ ከሥር ሌላ የመከላከያ ሥርዓት ላለው መስመር ነው፤ «መጀመሪያ እሱ ይሞክር» ለማለት። እናንተ የላችሁም፤ 0 ይሁን። «ለጥንቃቄ» ብሎ 10 ሰከንድ የሞላ ሰው አይቻለሁ። ሪንጉ በታዘዘው መሠረት 10 ሰከንድ ሙሉ ቁጭ ብሎ ሲያይ ነበር።

እናንተ ጋ ባይታይም፣ ሌላ የምትታወቅ ቁጥር አለች። አንዳንድ ኔትወርክ ላይ ገመድ ሲነቀል ከፊሉ ዕቃ ወዲያው ይመለሳል፣ ከፊሉ ግን እስከ 5 ደቂቃ ይጠፋል። ይህ ከላይኛው 5 ደቂቃ ጋር አይገናኝም። በክቡ ላይ ኢአርፒኤስ የማያውቅ ስዊች ሲኖር የሚመጣ ነው። የሪንጉን መልእክት እንደ ማንኛውም ፍሬም ያሳልፈዋል፤ ትርጉሙ ግን አይገባውም፣ ስለዚህ የማክ ሠንጠረዡን አያጸዳም። አሮጌውን መንገድ ይዞ ወደ ተበጠሰው ወገን መላኩን ይቀጥላል። ሠንጠረዡ ላይ ያለ አድራሻ በራሱ እስኪያረጅ ብዙ ጊዜ 300 ሰከንድ ነው። ዕቃዎቹ ብዙ የሚነጋገሩ ከሆነ ቀድሞ ይስተካከላል፤ ዝምተኛ ከሆኑ ግን ሙሉውን ትጠብቃላችሁ። አንድ ስዊች ተበላሽቶ «ለጊዜው» ብላችሁ ከሱቅ የገዛችሁትን ተራ ስዊች ስትተኩ ይቺን አስታውሱ።

እሺ፣ እንደ አዲስ እንሥራው።

መጀመሪያ ክቡን ቁረጡ። አንድ ገመድ በእጃችሁ ንቀሉ። ይህ ቀልድ አይደለም። ስፓኒንግ ትሪ ጠፍቶ ኢአርፒኤስ ገና ባልበራበት ሰዓት ክቡ ዙሪያውን ከተገናኘ የሚዞሩት ፍሬሞች ማዕበል ይጀምራል፤ ስዊቾቹን በርቀት ማስተካከል ቀርቶ መግባትም አትችሉም። በርቀት ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ ከእናንተ በጣም ከራቀው ስዊች ጀምሩና ወደ ራሳችሁ ኑ። የተቀመጣችሁበትን ቅርንጫፍ እንዳትቆርጡ።

ቀጥሎ የሪንጉ መልእክት የሚሄድበት ቪላን (በዚያው ገመድ ላይ ተለይቶ የሚሄድ ኔትወርክ)። አንዳንዱ «ኮንትሮል ቪላን» ይለዋል፣ አንዳንዱ «ኤፒኤስ ቪላን»። ለምሳሌ 4000 በሉት። 6ቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር፣ በሁለቱ የሪንግ ፖርቶች ላይ ብቻ፣ ታግ ሆኖ (የቪላኑ ቁጥር ተለጥፎበት)። ካሜራ አታስገቡበት፣ አይፒ አትስጡት፣ በሌላ ፖርት ላይ አታሳልፉት። አንዱ ስዊች ላይ ከተረሳ መልእክቱ እዚያ ይሞታል።

ከዚያ የሚጠበቁት ቪላኖች። እዚህ ላይ ረጋ በሉ። በብዙ ስዊቾች ላይ ሪንጉ የሚዘጋው «ፕሮቴክትድ ኢንስታንስ» ውስጥ ያሉትን ቪላኖች ብቻ ነው። የካሜራውን ቪላን አስገብታችሁ ሌላ ከረሳችሁ፣ የተረሳው ቪላን አርፒኤሉ ላይ አይዘጋም። እሱ ክቡን ያለ ማቆሚያ ይዞራል።

ይህን የተማርኩት አንድ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ነው። ሁሉን አስተካክያለሁ ብዬ የመጨረሻዋን ገመድ ሰካሁ። የስዊቾቹ መብራቶች ሁሉ አንድ ላይ እንደ እብድ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ። ኦነሩ «አይድል» ይላል፣ አርፒኤሉ ዝግ ነው ይላል፣ ኔትወርኩ ግን ሞቷል። ገመዷን ነቅዬ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ቪላን 1 ነበረች። ትራንኩ (ብዙ ቪላን የሚያልፍበት መስመር) ላይ ስዊቹ ከተሠራበት ፋብሪካ ጀምሮ እንዳለች ናት፤ እኔ ደግሞ ሪንጉ ውስጥ አላስገባኋትም። ማንም አይጠቀምባትም ብዬ ነበር። ብሮድካስት ግን ፈቃድ አይጠይቅም። ከዚያ ወዲህ የማደርገው ቪላን 1ን ከሪንግ ትራንኮች ማውጣት ነው፤ ወይም ስዊቹ ከፈቀደ ሁሉንም ቪላኖች በአንዴ ሪንጉ ውስጥ ማስገባት።

ኦነሩ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ስዊች ኦነር ከተባለ ሁለቱም የየራሳቸውን ይዘጋሉ፤ መሃል ያሉት ስዊቾች ደሴት ይሆናሉ። ታዲያ አርፒኤሉ የት ይሁን? መመሪያዎች ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ። ብዙ ሰው ከ1ኛው ስዊች ይጀምርና 1 እና 2ን የሚያገናኘውን ይመርጣል፤ ቅርብ ስለሆነ። ለእናንተ መጥፎ ምርጫ ነው። መቅጃው 1 ላይ ነው። በ1 እና 2 መካከል ከተዘጋ የአምስቱም ስዊቾች ምስል በ6ኛው በኩል ብቻ ይገባል። በ3 እና 4 መካከል ከተዘጋ ግን 2 እና 3 በአንድ ክንድ፣ 4፣ 5 እና 6 በሌላው ክንድ ይመጣሉ። ስለዚህ አርፒኤሉን ከመቅጃው ትይዩ፣ በ3 እና 4 መካከል አድርጉት። 4 እና 5 መካከልም ቢሆን ሚዛኑ ያው ነበር፤ ግን በኮንቨርተሮቹ ላይ እንዲወድቅ አልፈልግም።

እዚህ ላይ ስሌት ሥሩ። በየስዊቹ 8 ካሜራ አለ እንበል፤ እያንዳንዱ 4 ሜጋቢት ይልካል። አንድ ስዊች 32 ሜጋቢት ነው። በሰላሙ ጊዜ አንዱ ክንድ 64፣ ሌላው 96 ይሸከማል። የሪንግ ፖርቶቻችሁ 100 ሜጋቢት ቢሆኑ እንኳ እንደምንም ያልፋል። 1 እና 2 መካከል ሲበጠስ ግን 160 ሜጋቢት በአንድ ክንድ ይመጣል። ሪንጉ በ50 ሚሊ ሰከንድ ዞሯል፣ ምስሉ ግን ይቆራረጣል። ሰውም «ሪንጉ አልሠራም» ይላል። ስለዚህ ፖርቶቹ ጊጋቢት መሆናቸውን አረጋግጡ። በሰላሙ ጊዜ የሚበቃው ሳይሆን በተበጠሰ ጊዜ የሚበቃው ነው የሚቆጠረው።

በየስዊቹ ሁለቱን የሪንግ ፖርቶች ሰይሙ፤ አንዳንዱ ኢስትና ዌስት፣ አንዳንዱ 0 እና 1 ይላቸዋል። የሪንጉ ቁጥር 6ቱም ላይ አንድ ይሁን። ሪንጉን አብሩ። በፖርቶቹ ላይ «ሉፕ ዲቴክሽን» የሚባል ካለ ከሁለቱ የሪንግ ፖርቶች ላይ አጥፉት፤ ባልሆነ ሰዓት ፖርቱን ሊዘጋው ይችላል። ከዚያ ሴቭ አድርጉ። ሴቭ ያልተደረገ ስዊች መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉን ረስቶ ነው የሚነሳው። ይህ ሁሉ በ6ቱም ካለቀ በኋላ ነው የነቀላችኋት ገመድ የምትመለሰው።

ስዊቾቹ የተለያየ ኩባንያ ሥሪት ከሆኑ ሁሉም ጂ.8032 የሚሉ መሆናቸውን እዩ። ሲስኮ ሬፕ የሚለው አለው፣ ሞክሳ ተርቦ ሪንግ የሚለው አለው፣ ኤክስትሪም ኢኤፒኤስ የሚለው አለው፣ የኢንዱስትሪው ዓለም ደግሞ ኤምአርፒ የሚባለውን ይወዳል። ሁሉም ሪንግ ይጠብቃሉ፤ እርስ በርስ ግን አይግባቡም።

ስትሞክሩ የካሜራ ስክሪን አይታችሁ አትፍረዱ። መቅጃው ግንኙነት ሲቋረጥበት እንደገና እስኪጠራ የራሱን ጊዜ ይወስዳል። ስዊቹን ካጠፋችሁት ደግሞ ከሱ መብራት የሚያገኙት ካሜራዎች ራሳቸው ጠፍተው ይነሳሉ፤ እሱ የሪንግ ጊዜ አይደለም። ፒንግ (ለአንድ ዕቃ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱን የሚጠብቅ ትእዛዝ) ተጠቀሙ። የዊንዶውስ ፒንግ በሰከንድ አንዴ ስለሚልክ 50 ሚሊ ሰከንድን ሊለካ አይችልም፤ አንድም ሳይጠፋ ሊያልፍ ይችላል። ሊኑክስ ካለበት ላፕቶፕ በየ10 ሚሊ ሰከንዱ ላኩ፤ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ሊጠይቃችሁ ይችላል። 4 ከጠፋ 40 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፣ 70 ከጠፋ 700። ላፕቶፑ 1ኛው ስዊች ላይ ይሁን፤ ፒንግ የሚደረገው ደግሞ መንገዱ በሚነቀለው መስመር የሚያልፍ ዕቃ ይሁን። 5 እና 6 መካከል እየነቀሉ 2ኛው ስዊች ላይ ያለ ካሜራን ፒንግ ማድረግ ምንም አይነግራችሁም።

ሪንግ የሚያድነው ከአንድ ብጥስ ብቻ ነው። ሁለት ቦታ ከተበጠሰ መሃል ያለው ይገለላል። ይህን የምለው ስለ መብራት ነው። 3 እና 5 አንድ መስመር ላይ ሆነው ዩፒኤስ ከሌላቸው፣ መብራት ሲሄድ 4ኛው ዩፒኤስ ቢኖረውም ብቻውን ይቀራል። ዩፒኤስ ለአንዳንዱ ብቻ ከሆነ የምትገዙት፣ ከመቅጃው ጀምራችሁ ተከታታይ ለሆኑት ስጡ። ፋይበሩንም እዩት። የክቡ መሄጃና መመለሻ በአንድ ቦይ ከተቀበረ፣ አንድ ስካቫተር በአንድ ጭረት ሁለቱንም ይዞት ይወጣል። ወረቀት ላይ ክብ ነው፣ መሬት ውስጥ አንድ መስመር።

ሁሉ ሲያልቅ 6ቱን መስመሮች አንድ በአንድ ንቀሉ፣ የጠፋውን ፒንግ በወረቀት ጻፉ። 3 እና 4 መካከል ስትነቅሉ ምንም አይጠፋም፤ እሱ ዝግ ነበረና። አራቱ ተቀራራቢ ቁጥር ይሰጧችኋል። 4 እና 5 ብቻውን ወፈር ካለ አትደንግጡ፤ ሞጁሎቹ እስኪገዙ ድረስ እንደዚያው ነው።